ተከሳሹ ካርቡራቶር

በድሬዳዋ ከተማ፣ ፀሐይ በአናት ላይ ቆማ ጥላ ሁሉ ከባለቤቱ እግር ሥር በተሰበሰበበት፣ ከከዚራ ጥላማ ጎዳናዎች እስከ መጋላ ጠባብ መተላለፊያዎች ድረስ ሰው ሥራውን አቁሞ ወደ ማረፊያው በገባበት የቀትር ሰዓት፣ አንድ ወጣት የቆመ ሞተር ብስክሌቱን በሁለት እጁ እየገፋ፣ ላቡ ከግንባሩ እስከ አገጩ እየወረደ፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚተኛውን፣ ነገር ግን በ1998 ዓ.ም ክረምት በአንድ ሌሊት ሙላት ከ200 በላይ ነፍስ የቀጠፈውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ደረሰ።

ዛፉ የጋራዥ ዛፍ ነው። ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ እባብ ቆዳ የተንጠለጠሉት አሮጌ ከመነዳሪዎች፣ በግንዱ ላይ በምስማር ተሰክተው የሚታዩት የፍሬን ገመዶች፣ ከሥሩም ለመቀጥቀጫነት የተቀመጠው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ፣ አንድ ሰው ስለዚህች ከተማ ታሪክ በብዙ ገጽ የሚጽፈውን በአጭሩ ይናገራሉ።

«ጋሼ፣ ካርቡራቶሩ ነው» አለ ወጣቱ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ።

ባለጋራዡ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «ማን ፈረደበት?» ሲሉ ጠየቁት።

«ሁሉም። ሁለት ጋራዥ ፈትተውታል። አጥበው ይመልሱታል፣ ጥቂት ደኅና ይሄዳል፣ ከዚያ ያው ነው።»

«እንግዲያስ ሦስተኛ አንፈታውም። ቁጭ በል አቦ፣ ውሃ ጠጣ፤ መጀመሪያ እንጠይቀው።»

መፍታትና ፍትሕ

የሞተርን ነገር በግማሽ የሚያውቅ ሰው፣ እኛም አብዛኞቻችን ከዚሁ ወገን ነን፣ ሞተር ጠዋት አልነሣ ሲል፣ ዳገት ላይ ሲደክም፣ ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ ያለ ልክ ቤንዚን ሲጠጣ፣ ወይም በመንገድ መካከል ተንተፋትፎ ሲጠፋ፣ የሚያውቀው ተከሳሽ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ካርቡራቶር ነው። ድሮ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻዩን ያስመጣል፣ አንድ ብላቴና መድኃኒቱን ይጠጣል፣ ብላቴናውም እየተንገዳገደ ሄዶ ከቤቱ ገብቶ የወደቀበት ሰው፣ ምስክር ሳይቆጠርበትና ተጠየቅ ሳይባል፣ ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ያ ልማድ ከሸንጎ ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ከጋራዥ ገና አልወጣም ብል የማጋንን አይመስለኝም።

መካኒኮቻችን «ፈታሁት» የሚሉት ቃል በዚህ ነገር ላይ ሳስብ ዘወትር ይደንቀኛል። በግእዝ ‘ፈትሐ’ ማለት የታሰረውን ላላ አደረገ፣ ከፈተም ማለት ነው፤ ፈረደም ማለት ነው። ካህን ኃጢአትን የሚፈታበት ፍትሐት፣ ዳኛ በችሎት የሚሰጠው ፍትሕ፣ ነገሥታቱ ሲዳኙበት የኖሩት ፍትሐ ነገሥት፣ መካኒክም ብሎን የሚፈታበት መፍቻ፣ ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በጥንቱ አነጋገር እንግዲህ መፍታትና መፍረድ አንድ ሥራ ነበሩ። በዘመናችን ጋራዥ ግን ሁለቱ ተለያይተው፣ ፍርዱ ሳይሰጥ መፍታቱ ይቀድማል፤ ማስረጃው ያለበት ብሎን በተነካ ጊዜም ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

> «መጀመሪያ ጠይቅ፣ ኋላ ፍታ።»

ይህን ያሉኝ የኒሙ ዛፍ ባለቤት ናቸው። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፣ በካርቡራቶር ጎን ያለችውን፣ ሞተሩ ያለ ፍጥነት ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣውን አየርና ቤንዚን የምትመጥነውን ትንሽ የሚኒሞ ብሎን አሳዩኝ። ዐዋቂ መካኒክ ይህችን ብሎን ከመንቀሉ በፊት ቀስ አድርጎ እስክትዘጋ ያዞራትና ስንት ዙር እንደ ሄደች ይቆጥራል፤ ቁጥሩንም በታንኩ አቧራ ላይ በጣቱ ይጽፋል፤ ሲመልሳትም ወደ ነበረችበት ይመልሳታል። ቸኩሎ የሚነቅላት ግን ሞተሩ ታሞ ሳለ እንዴት ይተነፍስ እንደ ነበር የሚናገረውን ብቸኛ መዝገብ ይቀድዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መካኒክ የመጀመሪያውን ደዌና የመጀመሪያውን ሐኪም ስሕተት ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተፈጠረ ያስተምራሉ። የሞተርንም ጠባይ በዚሁ ምሳሌ የሚያስረዳ ሰው ብዙ አይሳሳትም። ነፋሱ በፍልትሮ በኩል የሚገባው አየር ነው፤ እሳቱ ካንዴላው የሚተፋው ብልጭታ ነው፤ ውሃው ቤንዚኑ ነው፤ መሬቱ ደግሞ ሳይጠራ የሚመጣው እንግዳ፣ የድሬዳዋ አቧራ ነው።

የካርቡራቶር ተግባር ነፋሱንና ውሃውን በልክ ቀላቅሎ ለእሳቱ ማቅረብ ነው። መቀላቀል የምለውም አስቤበት ነው፤ ሊቃውንቱ ቱሳሔ የሚሉት ዓይነት ነገር እንጂ ተዋሕዶ አይደለምና፤ ቤንዚኑ እንደ ጉም ተበትኖ በአየሩ መካከል ይንሳፈፋል። ልኩም ጥብቅ ነው፤ 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይሻል፣ ይኸውም አንዲት ትንሽ መኝታ ቤት የሚሞላ አየር ማለት ነው። ቤንዚኑ ከልኩ ሲበዛ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ይሞቃል፣ ያስነጥሳል፣ ይደክማል።

ይህ ሁሉ የሚሆንበት ምሥጢር ከወንዝ ጠባይ የተለየ አይደለም። ወንዝ ሰፊውን አሸዋ ለቆ በጠባብ ድልድይ ሥር ሲያልፍ እንደሚፈጥን፣ አየርም በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ አየር በፈጠነበት ስፍራ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ በቀነሰ ጊዜም ከሥር በገንዳው የተቀመጠው ቤንዚን በቀጭን የናስ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ይረጫል። ስዊሱ ሊቅ ዳንኤል ቤርኑሊ የዚህን ሕግ መሠረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1738 ጽፎታል፤ ጠባቡን ጉሮሮ ደግሞ ኢጣልያዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በ1797 መርምሮ ስሙን ትቶለታል። በገንዳው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ግን ለማንም ባዳ አይደለም፤ በየቤታችን ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ውሃው ሲሞላ ቧንቧውን የሚዘጋው ኳስ ታላቅ ወንድሙ ነው። ቅንጣት አሸዋ ከመዝጊያው መርፌ ሥር በገባች ጊዜ ሮቶው እንደሚያፈስስ ሁሉ ካርቡራቶሩም ያፈስሳል፤ በሌሊት ግቢ ውስጥ የቤንዚን ሽታ ከሸተተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው መርፌ ነው።

ዛሬ የምናውቀው ባለ ተንሳፋፊ ካርቡራቶር በጀርመን በዊልሄልም ማይባኽ፣ በሃንጋሪ ደግሞ በዶናት ባንኪና በያኖሽ ቾንካ እጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ሲወለድ፣ ዓፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ለመስጠት አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደው ከተራራው ግርጌ፣ ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም ቆመ፤ የቆመበትም ስፍራ ድሬዳዋ ሆነ። ስለዚህ ይህች ከተማ ከመሠረቷ የባቡር ልጅ ናት፤ ንጉሥም ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አስቀድሞ አልቆረቆራትም።

በባቡሩ ጥገና ሥራ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አንድ ሽማግሌ እንዳጫወቱኝ፣ በእነርሱ ዘመን አለቃ የሚናገረው በፈረንሳይኛ፣ ሠራተኛው እርስ በርሱ የሚነጋገረው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ፣ ብረቱ ግን የሚናገረው በራሱ ቋንቋ ነበር፤ አዲስ የገባ ልጅም መዶሻ ከመያዙ በፊት ያንን ቋንቋ በጆሮው እንዲለይ ይገደድ ነበር። ጋራዡ ደግሞ ከሐዲዱ ተለይቶ በኢጣልያንኛ ይናገራል፤ ካንዴላ፣ ፍልትሮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ሚኒሞ የሚሉት ሁሉ ጣልያን ጥሎልን የሄዳቸው ቃላት ናቸው። አስደናቂው ነገር፣ ዛሬ የድሬዳዋን ጎዳና የሞላው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በስሙ ሕንዳዊ ቢሆንም፣ ኩባንያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ገደማ ከኢጣልያው ፒያጆ ጋር ተዋውሎ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግር ጋሪውን መሥራት የጀመረ በመሆኑ፣ ዕቃው በሕንድ በኩል ዞሮ መጥቶ በጣልያን ስሙ ሲጠራ እንደ ዘመድ አቤት ይላል።

የካንዴላ ምስክርነት

ወደ ኒሙ ዛፍ እንመለስ። ባለጋራዡ መጀመሪያ ያስወጡት ካንዴላውን ነው፤ ወደ ፀሐይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ አንድ ደብተራ የብራና ሐረግ እንደሚመለከት ተመለከቱት። ካንዴላ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን ያየ ምስክር ነው፤ ሲዋሽም አይታወቅም። ጫፉ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ጠቁሮ ደርቆ ከተገኘ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ወይም ፍልትሮው በአቧራ ታፍኖ አየሩ አንሷል፤ እንደ አመድ ነጥቶ ከተገኘ አየሩ በዝቷል፤ በቤንዚን ርሶ ከተገኘ እሳት የለም፣ ወይም ገንዳው ሞልቶ ፈስሷል፤ ቅባት ለብሶ ከተገኘ ጥፋቱ ከካርቡራቶር ጋር ዝምድና እንኳ የለውም፣ ፋሻው አልቆ የሞተር ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ጤነኛው ቀለም ወተት የነካው ቡና የሚመስለው ነው።

የወጣቱ ካንዴላ ወተት የነካው ቡና ነበር።

«አየህ» አሉት፣ «ተከሳሹ ንጹሕ ነው።»

ወጣቱ አላመነም። በእርግጥም አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃምና ሽማግሌው ባለጋራዥ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ካርቡራቶር ቢታመም የሚያሳየው ምልክት ቦታ ቦታ አለው፤ ሞተሩ ሲሮጥ ደኅና ሆኖ መብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋ፣ ቾኩ ካልተሳበም የማይቆም ከሆነ፣ ከሁሉ የጠበበችው የሚኒሞዋ ቀዳዳ ተደፍናለች ማለት ነው፤ ቆሞ ደኅና እየሠራ ጋዝ ሲሰጡት የሚታፈን ከሆነ ዋናው ቀዳዳ ወይም ከላይ ያለው የጎማ ሽፋን ተበላሽቷል፤ ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ የሚዋልል ከሆነ ካርቡራቶሩን ከቴስታታው ጋር የሚያገናኘው የጎማ አንገት ተሰንጥቆ የስርቆት አየር እየገባ ነው። የተደፈነችውን ቀዳዳ ስለ መክፈት ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የናስን ቀዳዳ በብረት ሽቦ የሚወጋ ሰው ቀዳዳዋን ለዘለዓለም ያሰፋታልና፣ ሞተሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዳም ይሆናል። እርሳቸው ከኮረንቲ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ብቻ መዝዘው ይጠቀማሉ፤ ኋላም ወደ ሰማይ አንሥተው ብርሃን ያልፍባት እንደ ሆነ በአንድ ዓይናቸው ያያሉ።

> ካንዴላ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን ያየ ምስክር ነው።

በጠርሙስ የመጣ ቤንዚን

ቀጥሎ የተጠየቀው ቤንዚኑ ነው። በየመንገዱ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በፀሐይ እንደ ጠጅ እያብለጨለጨ የሚሸጠውን ቤንዚን በማደያ ሰልፍ የተሰላቸ ሁሉ ያውቀዋል። ሻጮቹ ንጹሕ መሆኑን ይምላሉ፤ ባለ ባጃጆቹ ላምባ አለበት ብለው ይምላሉ፤ ሁለቱም ግን በነጋታው በዚያው ጥግ ይገናኛሉ። አንድ ባለ ባጃጅ እንዳለኝ፣ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ ሰልፉን አይጠብቅለትም፤ ማልዶ ካልወጣ ዕዳው በላዩ ላይ ያድራል።

የባለጋራዡ ፈተና ቀላል ነው። ከገንዳው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርገው ጥቂት ቤንዚን በሻይ ብርጭቆ ቀዱ፤ ብርጭቆውን በሐዲዱ ቁራጭ ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። ውሃ ካለበት፣ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና፣ ከሥር እንደ ብር ዶቃ ተድቦልቡሎ ይታያል፤ ዝገት ካለበት እንደ ቡና አተላ ይረጋል። ከዚያ ሁለት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በድሬዳዋ ሙቀት ሳይቆይ ተንኖ ወረቀቱን እንደ ነበረ ይተወዋል፣ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ቅባታም ጥላ ትቶ ይቀራል። ከብርጭቆው ሥር ከአንዲት የአሸዋ ቅንጣት በቀር ምንም አልተገኘም፤ ወረቀቱም ነጭ ሆኖ ደረቀ።

እንግዲህ ሁለተኛው ተጠርጣሪም ነጻ ወጣ። ሦስተኛው ሙቀቱ ነበር፤ በዚህች ከተማ በቀትር ሞተር ቆሞ ሳለ የጋለው ብረት የገንዳውን ቤንዚን እንደ ጀበና ያፈላዋልና፣ ብዙ ሞተር ከጋለ በኋላ አልነሣ ብሎ እርጥብ ጨርቅ ሲደረግለት የሚነሣው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ወጣቱ ሲጠየቅ፣ ጎሕ ሳይቀድ በብርድ ሲወጣም ያው እንደሚያጋጥመው ተናገረ።

የደንገጎ ዳገት

ስለ ከፍታም ተጠየቀ፤ ይህ ጥያቄ ለሌላ ከተማ መካኒክ ምናልባት አይታየውም፣ ለድሬዳዋ መካኒክ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነው። ከተማይቱ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ወደ ደንገጎ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሙቀቱ አገር ወደ ደጋ ያሻግራል፤ ከዚያም አንዱ ወደ ሐረር፣ ሌላው ወደ ቁልቢና ወደ አዲስ አበባ ይለያል። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤልን ለማንገሥ የሚወጣው ሕዝብ ይህንን ዳገት በአውቶቡስ፣ በመኪና፣ በእግርም ይወጣዋል፤ በሞተር ብስክሌት የሚወጣውም ጥቂት አይደለም።

ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሣሣል። ካርቡራቶር ግን ይህን አያውቅም፤ የናሱ ቀዳዳ ያው ነው፣ የሚረጨውም ቤንዚን ከአየሩ መሣሣት ጋር ተመጣጥኖ አይቀንስም። በድሬዳዋ ልክ የነበረው ምጣኔ በደንገጎ ላይ ከመጠን ያለፈ ይሆናል፣ ሞተሩም ይጨስና ይደክማል። በዚያ ላይ፣ ካርቡራቶሩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ በየ1000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ያጣል። ስለዚህ ባለሞተሩ «ዳገት ላይ ደከመብኝ፣ አስተካክሉልኝ» ብሎ ከደንገጎ ሲመለስ፣ የማያውቅ መካኒክ ቤንዚኑን ቀንሶለት ይሰድደዋል፤ ሰውየውም በቆላው ሜዳ ሲሮጥ ሞተሩ አየር በዝቶበት ይግላል፣ ፒስቶኑም ይነክሳል። የታመመው ሞተሩ አልነበረም፤ ተራራው ነበር። በድሬዳዋና በሐረር ስማቸው የታወቀው የፔጆ 404 ታክሲዎች ነጂዎች ይህንን ዳገት ሲመላለሱበት የኖሩት፣ ካርቡራቶሩን ለቆላውም ለደጋውም አማካይ በሆነ ልክ አስረው፣ በሁለቱም ስፍራ ትንሽ ትንሽ እየተጎዱ ነበር ይባላል። እኔ ይህንን አኗኗር ከብዙ ፍልስፍና አስበልጬ አከብራለሁ።

የክዳኑ ትንፋሽ

የወጣቱ ሞተር ግን ደንገጎ ወጥቶም አያውቅም።

«ስንት ጊዜ ሄዶ ነው የሚጠፋው?»

«ሩብ ሰዓት ያህል።»

«ከዚያስ?»

«ትንሽ ስቆም ይነሣል።»

«ታንኩ ሲሞላ ነው የሚብሰው፣ ሲጎድል?»

ወጣቱ ይህንን ጥያቄ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ጥቂት አሰበና፣ «ሲሞላ ይብሳል» አለ፤ «ሙሉ የቀዳሁ ቀን ቶሎ ይጠፋል፤ ሊያልቅ ሲል ነው ደኅና የሚሄደው። ቤንዚኑ መጥፎ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ተለማማጁንም ጠርተው፣ ሞተሩን አስነሥቶ እስኪጠፋበት ድረስ በሰፈሩ ውስጥ እንዲመላለስበት አዘዙት። ልጁ ሄደ፤ ድምፁ ራቀ፣ ቀረበ፣ እንደገና ራቀ። እኛም ሁለተኛ ሻይ ጠጣን። ከቆይታ በኋላ ድምፁ እንደ ሳል ተቆራረጠና ጸጥ አለ፤ ልጁም እየገፋ መጣ። ሽማግሌው ተነሥተው፣ አንዳች ብረት ሳይዙ፣ ጆሯቸውን ወደ ታንኩ አስጠግተው የቤንዚኑን ክዳን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት።

ፉ—ው አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ታፍኖ የኖረ ትንፋሽ ነበር።

በታንኩ ክዳን ላይ ከመርፌ ዓይን የማትበልጥ መተንፈሻ አለች። ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶር በወረደ መጠን በዚያች ቀዳዳ አየር ካልገባለት፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ሄዶ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ አንድ ሰው የተሞላ ጠርሙስ ደፍቶ አፉን በውሃ ውስጥ ቢዘቀዝቀው እንደማይፈስስ ማለት ነው። ታንኩ ሲሞላ ከላይ የሚቀረው አየር ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ይታፈናል፤ ሲጎድል አየሩ ብዙ ስለ ሆነ ይቆያል። ሞተሩ ቆሞ ሲያርፍ አየር በቀስታ ሾልኮ ይገባና ይነሣል። ሁለቱ ጋራዦች ካርቡራቶሩን ሲያጥቡ ቤንዚኑን ለመቅዳት ክዳኑን ይከፍቱት ነበርና፣ ሞተሩ በእጃቸው ላይ ሳለ ሁልጊዜ ደኅና ነበር። ቀዳዳዋን የደፈናት የደቻቱ አሸዋና የታንኩ ላብ ተጋግረው የሠሩት ጭቃ ነበር፤ በልብስ መስፊያ መርፌ ተወጋች፣ በአፍ ተነፋች፣ ነገሩ አለቀ።

ወጣቱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሽማግሌውም የሁለት ሻይ ብቻ እንዲከፍል ነገሩት። በኋላ ለብቻቸው ስጠይቃቸው የመለሱልኝን እነሆ፦

> «ብሎን ከፈታሁ ይከፍለኛል፤ ስለ ጠየቅሁት ግን ማን ይከፍለኛል?»

ጥፋቱ ሁሉ ከመካኒኮቹ አለማወቅ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ይህን መልስ ከሰማሁ በኋላ ግን የሚበዛው ከእኛ ከከፋዮቹ እንደሚመጣ አሰብሁ። ደንበኛ ለገንዘቡ የተፈታና የተበተነ ነገር ማየት ይሻል፤ እጁ ቅባት ያልነካ መካኒክ ሥራ የሠራ አይመስለውም። ጆሮውን ሰጥቶ ያሰበ ሰው ሻይ ይጋበዛል፤ ያለ ምክንያት ካርቡራቶር የበተነ ሰው ሙሉ ዋጋ ይቀበላል።

የምትጠቅሰው መብራት

የካርቡራቶር ዘመን ግን እየመሸ ነው። ሕንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በሥራ ላይ ያዋለችው ጥብቅ የጭስ ሕግ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ፋብሪካዎቿን በአብዛኛው ከካርቡራቶር ወደ ነዳጅ መርጫ አሻግሯቸዋል፤ በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለ ድምፅ የሚሄደው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተሽከርካሪ በየከተማው እየታየ ነው። ስለዚህ በኒሙ ዛፍ ሥር ከአሮጌዎቹ ጎን አንድ ባለ መርጫ ሞተር ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌው በሩቁ ነበር የሚያዩት፣ የማያውቁት አገር ሰው እንደ መጣባቸው ሁሉ።

በዚህ ሞተር ውስጥ ተንሳፋፊ የለም፣ ጉሮሮም ቤንዚን አይስብም። በታንኩ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ቤንዚኑን በኃይል ትገፋዋለች፤ አንድ ኮምፒዩተር ደግሞ የአየሩን ግፊትና ሙቀት፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የጋዙን መከፈት በመለኪያዎቹ እያነበበ፣ መርጫው ለቅጽበት ተከፍቶ እንዲዘጋ ያዛል። የአየሩን መሣሣት ያውቃልና ደንገጎ ላይ ሲወጣ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል፤ ተራራው የነሣውን ጉልበት ግን እርሱም ሊመልሰው አይችልም። የራሱም ድካም አለው። ባትሪው ከሞተ ፖምፓው አይዞርም፣ ገፍቶ ማስነሣትም እንደ ድሮው የሚያስተማምን አይደለም፤ ቤንዚን ሊያልቅ ሲል መንዳት የለመደ ሰው በቤንዚኑ ውስጥ ተነክራ የምትቀዘቅዘውን ፖምፓ ያቃጥላታል፤ በጠርሙስ የመጣው ቆሻሻም ቢሆን ለመርጫው ቀዳዳ አይራራም።

ቁልፉ ሲከፈት የፖምፓዋ ድምፅ ለአፍታ ያህል መሰማት አለበት፤ ሽማግሌው ለዚህ ገና ጆሯቸውን ይጠቀማሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምትናገረው አንዲት ብጫ መብራት ናት፤ ደዌዋን በጥቅሻ ትቆጥራለች፣ በዚህኛው ፋብሪካ ረጅሙ ጥቅሻ አሥር፣ አጭሩ አንድ ተብሎ ይታሰባል። መርማሪው ኮምፒዩተር ያላቸው ጋራዦች ይህንን በስክሪን ያነቡታል፤ በኒሙ ሥር ግን ተለማማጁ ለረጅሙ ጥቅሻ አንድ ብሎን፣ ለአጭሩ አንድ ዳዶ በሐዲዱ ቁራጭ ላይ እየደረደረ፣ ሽማግሌው ደግሞ በጣታቸው አንጓ ላይ እንደ መቁጠሪያ እየቆጠሩ፣ ሁለቱም በአንዲቱ መብራት ላይ አጎንብሰው ነበር። መብራቷ ጨርሳ ስትጠፋ ልጁ 12 አለ፣ ሽማግሌው 11 አሉ።

«ዝጋና እንደገና ክፈተው» አሉት፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው እያወረዱ።